ነብር ለማሳየት ለምትነሡ ልጆቼ

በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በአንኮበር ዙሪያ የአስጎብኚነትን ሥራ ለመጀመር የምትዘጋጁ ልጆቼ፣ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከእናንተ አንዱ በቅርቡ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «እንግዶቹ ሁሉ ነብር አሳዩን ይሉናል፤ ምን ብለን እንመልስላቸው?» አለኝ። እኔ ለ31 ዓመታት በጓሳ ደጋና በወፍ ዋሻ ደን እንግዶችን ስመራ ነብርን በዓይኔ ያየሁት 9 ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም ውስጥ እንግዳ አብሮኝ የነበረው በ3ቱ ነው። ስለዚህ «እናሳያችኋለን ብላችሁ ቃል አትግቡ» አልኩት። ምክንያቱን ግን መንገድ ዳር ቆሞ መጨረስ አልተቻለም።

አባቶቻችን አንድን ሰው ሲያስጠነቅቁ «ነብር አየኝ በል» ይሉ ነበር። አባባሉ ለዛቻ ቢውልም የአውሬውን ጠባይ በትክክል ይዟል፤ ሰው ነብርን ከማየቱ አስቀድሞ ነብር ሰውን ያያልና። ከሩቅ አገር የሚመጣው እንግዳ ግን ምናልባት በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ፣ በሴሮኔራ ወንዝ ዳር፣ ነብር በግራር ቅርንጫፍ ላይ እግሮቹን አንጠልጥሎ ተኝቶ በመኪና ውስጥ ሆኖ አይቶ ይሆናል። የዚያ አካባቢ ነብር ከልጅነቱ ጀምሮ መኪና ለምዷል፤ ሾፌሮቹም ያለበትን ቦታ በሬዲዮ ይነጋገራሉ። የእኛ ነብር ሰውን የሚያውቀው በድንጋይ፣ በውሻና በጥይት ነው፤ እኛም የምንጓዘው በእግራችን ነው። ይህን ልዩነት እንግዳው ከአዲስ አበባ ሳይነሣ በግልጽ ንገሩት። ብዙ ሰው አቦ ሸማኔንና ነብርን ስለሚያምታታ፣ ገሰላ የምንለውም የተለየ ዘር ሳይሆን ጠጉሩ የጠቆረ ነብር መሆኑን ስለማያውቅ፣ ይህንንም አስረዱት።

ታዲያ እንግዳውን ምን እናሳየው ትሉ ይሆናል። ምልክቱን ማንበብ አስተምሩት። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ደጋ ነው፤ ጭላዳዎች ቀኑን በሣሩ ላይ ውለው ሲመሽ ወደ ገደሉ የሚወርዱት በሌሊት የሚያድናቸው ነብርና ጅብ ስላለ ነው። ማለዳ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀድማችሁ ተቀመጡ። ጭላዳዎቹ ወደ ሣሩ ከመውጣት ከተቆጠቡ፣ ወይም ሁሉም ፊታቸውን ወደ አንድ የአስታ ቁጥቋጦ አዙረው ከጮኹ፣ ዓይናችሁን ከዚያ ቁጥቋጦ አታንሡ። በወፍ ዋሻ ጥድና ዝግባ ሥር ደግሞ ይህን ሥራ የሚሠሩላችሁ ጉሬዛዎች ናቸው። ዱካውን በእርጥብ አፈር ላይ ስታገኙ የጥፍር ምልክት እንዳለው መርምሩ፤ ጥፍሩ ከታተመ የጅብ ወይም የውሻ ነው፤ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን ይሰበስባልና። ሌሊት በድንኳን ውስጥ ሆናችሁ እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ የሚሰማውን የመሰለ ሻካራ ድምፅ ደጋግሞ ቢሰማችሁ፣ ነብር በግዛቱ እየዞረ መሆኑን እወቁ። ፎቶ ለማንሣት ከታደላችሁም የጎኑን ነጠብጣብ በደንብ አንሡ፤ እንደ ሰው የጣት አሻራ የአንዱ ነብር ነጠብጣብ ከሌላው ስለማይመሳሰል፣ በሚቀጥለው ዓመት ያያችሁት ያው መሆኑን የምትለዩት በዚያ ነው።

አሁን የምነግራችሁ ለመጻፍ የከበደኝን ነው። በሥራዬ 4ኛ ዓመት ከደብረ ሲና በላይ ባለ ገደል ውስጥ ሁለት ደቦሎች ያሏት ነብር አገኘሁ። በደስታ ሰክሬ ያንኑ ምሽት ጠጅ ቤት ገብቼ ዋሻውን በምልክት ሳይቀር ተናገርኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንግዶች ይዤ ስመለስ የዋሻው አፍ በጭስ ጠቁሮ ነበር። ወር ሳይሞላ አንድ የማላውቀው ሰው ደብረ ብርሃን ላይ ለብቻዬ ጠርቶ የነብር ቆዳ የሚገዛ ፈረንጅ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ቆዳውን ገልጦ ሲያሳየኝ የግራ ጎኑን ነጠብጣብ ለየሁት። የነብር ደቦል ከእናቱ ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ስለሚቆይ፣ የሁለቱ ዕጣ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። የነብር ቆዳ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ የታገደ ነው፤ የእኔን አንደበት ግን ያገደው አልነበረም። የዛሬው ጠጅ ቤት እጃችሁ ላይ ያለው ስልክ ነው። ዋሻና ደቦል በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ አትልቀቁ፤ ስልካችሁ ፎቶው የተነሣበትን ቦታ አብሮ እንዳይመዘግብም ቅንብሩን አጥፉት።

ስለ እረኛው ደግሞ ደጋግሜ አሳስባችኋለሁ። ለእንግዳችሁ ነብር ደስታ ነው፤ ጋጡ በሌሊት ተሰብሮ ሁለት በግና አንድ ውሻ ላጣው ገበሬ ግን የዓመት ልብስና የልጅ ደብተር መጥፋት ነው። ስለዚህ ወደ ገደሉ ከመሄዳችሁ በፊት እቤቱ ግቡ፤ ያቀረበላችሁን ጠላ ጠጡ፤ ስለ ጠፋበት በግ የሚናገረውን እስከ መጨረሻው አድምጡ። ነብር የሚዘልበትን ጋጥ በጠንካራ እንጨት ጣሪያ እንዲያለብሰው እርዱት፤ ዱካ ፈላጊ አድርጋችሁም ቀጥሩት። የመንዝ ሰው የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባለው የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ጠብቆ ያቆየ ሕዝብ ነው፤ ጥቅሙ ላይ ያለውን ድርሻ ካየ አውሬውንም ይጠብቃል ብዬ አምናለሁ።

ድንገት በቅርብ ብትገናኙት አትሩጡ፤ እንግዶቻችሁን ሰብስባችሁ ፊታችሁን ወደ እሱ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ኋላ አፈግፍጉ፤ መውጫ መንገዱንም አትዝጉበት።

ጡረታ ከመውጣቴ ጥቂት ቀደም ብሎ ሁለት ሽማግሌ እንግዶችን ይዤ ጓሳ አፋፍ ላይ ከንጋት ጀምሮ ተቀምጠን ነበር። ጭላዳዎቹ ጮኹ፤ ሦስት ሰዓት ያህል ጠበቅን፤ ምንም አልወጣም። በመጣንበት መንገድ ስንመለስ ግን ውርጩ ባራሰው ጭቃ ላይ ጠዋት የተውነውን የጫማችንን ምልክት የረገጠ አዲስ የነብር ዱካ አገኘን። ከኋላችን ሆኖ ሲከተለን ኖሯል። አንደኛው ሽማግሌ ተንበርክኮ መዳፉን ከዱካው አጠገብ አኖረና፣ ፀሐዩ ጭቃውን ማድረቅ እስኪጀምር ድረስ ከዚያ አልተነሣም።