በስንደዶ የተለካ እግር

ልጆቼ፣

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ የጫማ ሱቄን ዘጋሁ። ባሕር ዳር፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ ቦታ 31 ዓመት ጫማ ሸጫለሁ። ለምን ዘጋህ የሚለኝ ሰው ሲበዛ መልሴም እንደ ጠያቂው ይለያይ ጀመር፤ ለእኩዮቼ የቤት ኪራዩን አነሳለሁ፣ ለዘመዶቼ ጉልበቴን። ለእናንተ ግን አልዋሽም፤ ሱቄን ያዘጋኝ ጫማ የምትገዙበት ስልካችሁ ነው። (ኪራዩና ጉልበቴም ቢሆኑ አላገዙኝም።)

ቂም ይዤ አይደለም የምጽፈው። አሁን ሥራ ፈት ነኝና ከሰዓት በኋላ ዘንባባው ሥር ካለች ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ አላፊ አግዳሚውን አያለሁ፤ ሰው ፊት ያያል፣ እኔ እግር። ከምታልፉት መካከል ስንታችሁ ጣታችሁን አጥፋችሁ እንደምትራመዱ ብትቆጥሩት ትደነግጡ ነበር። ተረከዙ የሚንሸራተትበት፣ ጎኑ የተቆለመመበት፣ አዲሱን ጫማ በሳምንቱ እንደ ነጠላ ጫማ ረግጦ የሚሄድ አለ። ጫማዎቹ ሁሉ ግን ያምራሉ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይኸው ነው።

ከመዝጋቴ ጥቂት ወራት በፊት አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ገባ። አስቀመጥኩት። እንደ ልማዴ በርጩማዬ ላይ ዝቅ ብዬ ክሩን አላልቼ አጠለቅሁለት፤ አውራ ጣቴን የጫማው ጫፍ ላይ ጫን አድርጌ ጣቱ የት እንደደረሰ አየሁ፤ ከዚያም "እስቲ እስከ በሩ ድረስ ተራመድ" አልኩት። ልክክ አለለት። እሱ ግን ጫማውን አወለቀና ምላሱ ላይ የተሰፋችውን ቁጥር በስልኩ ፎቶ አነሳ። "እመለሳለሁ ጋሼ" ብሎኝ ወጣ። ቃሉን ጠበቀ፤ ከአሥር ቀን በኋላ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የተላከለትን ጫማ በፌስታል ይዞ መጣ። "ቁጥሩ ያው 42 ነው፤ ግን ጣቴን ይዞኛል። ፎርማ ላይ አድርገው ያላሉልኛል?"

(ፎርማ ጫማ የሚሠራበትና የሚላላበት የእግር ቅርጽ ነው።) ተናድጄ እንደነበር አልደብቃችሁም። ቢሆንም ወስጄ አየሁለት። ቆዳ ወደ ጎን ትንሽ ይለቃል፣ ወደ ርዝመት ግን አይለቅም፤ የእሱ ደግሞ መጀመሪያውኑ ቆዳ አልነበረም። እንደመጣ በፌስታሉ ይዞት ሄደ። ዋጋውን በቴሌብር አስቀድሞ ልኮ ነበር።

"ያው 42 ነው" ያለው ነገር ግን ከእኔ ጋር ቀረ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት 42 ማለት ምን ማለት ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው አምስት አይሞላም። በአውሮፓው አቆጣጠር አንድ ቁጥር የሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው፤ 6.67 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሚለካው ደግሞ እግራችሁ ሳይሆን ጫማው የተሠራበት ፎርማ ነው። 42 ቁጥር የሚባለው ፎርማ ርዝመቱ 28 ሴንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ውስጥ ለጣት መላወሻ ምን ያህል እንደሚተው የሚወስነው ሠሪው ነው፤ ጫፉ ሹል ከሆነ ብዙ ይበላል፣ ክብ ከሆነ ትንሽ። ስለዚህ ሁለት 42 ጫማዎች ወንድማማች ላይሆኑ ይችላሉ። ስለ ስፋት ደግሞ ቁጥሩ ጭራሽ አይናገርም። ከአዴት፣ ከዳንግላ፣ ከመራዊ የሚመጡ፣ ልጅነታቸውን በባዶ እግራቸው የሮጡ ደንበኞቼ እግራቸው ከፊት ሰፊ ነበር። ለእነርሱ ቀጭን ስኒከር ከመስጠት ቅጣት መስጠት ይሻላል። ፎቶው ላይ ስፋት አይታይም፤ ከላይና ከጎን ተነስቶ፣ መብራት በርቶለት፣ ሁሉም ቆንጆ ነው። ዓይን አዋጅ ይሆንበታል፣ እግር ግን የሚመርጠው አንዷን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ድሮ ልመልሳችሁ። ሱቁን በከፈትኩ ሰሞን ቅዳሜ ገበያ የዋለ ገበሬ ማታ ላይ ይገባና ከኮቱ ኪስ ስንደዶ ያወጣል። የልጁ እግር ርዝመት ነች። ሌሊት ልጁ ተኝቶ ሳለ ከተረከዙ እስከ ረጅሙ ጣቱ ለክቶ ቆርጧታል። አንዳንዱ ሁለት ይዞ ይመጣል፤ አንዷ ለርዝመት፣ ሌላዋ ለጎን። ስንደዶዋን ጫማው ውስጥ አስገብቼ ከጫፏ በኋላ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ከተረፈ እንሸጣለን፣ ካልተረፈ ቀጣዩን ቁጥር አወርዳለሁ። እግሩ አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ ተኝቷል፤ ጫማው ግን ልክ ሆኖ ይሄዳል። ያ ሰው ፊደል አልቆጠረም ይሆናል። ከእናንተ ይልቅ ግን ከሩቅ ጫማ መግዛት ያውቅበታል።

እናንተም ስንደዶዋን ቁረጡ። ምሽት ላይ ለኩ፤ እግር ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲውል ያብጣልና ጠዋት የተለካ ማታ ይጠብባል። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፉና ተረከዛችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቁሙበት፤ ተቀምጣችሁ አይሆንም፣ እግር ሰውነት ሲያርፍበት ይረዝማል። ካልሲ አድርጉ። እርሳሱን አቁማችሁ ረጅሙ ጣት ጋ ምልክት አድርጉ፤ ረጅሙ ደግሞ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም። ሁለቱንም እግር ለኩና ትልቁን ያዙ። 26.5 ሴንቲ ሜትር ከመጣ፣ 1.5 ጨምሩበት፣ 28 ይሆናል፤ በ1.5 ስታባዙት 42። ይህ መነሻ ነው፣ መድረሻ አይደለም። ብዙ ስኒከሮች ምላሳቸው ላይ ከአውሮፓውና ከእንግሊዙ ቁጥር ጎን የሴንቲ ሜትር ወይም የሚሊ ሜትር ቁጥር አላቸው፤ ከእግራችሁ ጋር የምታስተያዩት እሱን ነው። ሻጩን "42 አለ?" አትበሉት፤ ሁልጊዜ አለ ነው የሚላችሁ። "የውስጥ ሶሉን አውጥተህ በማስመሪያ ለክተህ ፎቶውን ላክልኝ" በሉት። ይህን የማይልክ ሰው ገንዘባችሁን ሲቀበል ፈጣን፣ ስትመልሱ ዘገምተኛ መሆኑን ከወዲሁ ነግሯችኋል።

ሱቅ ሁሉ ጻድቅ ነበር እያልኩ እንዳይመስላችሁ። "ሲለምድህ ይለቃል" የሚለውን ውሸት እኔም ተናግሬዋለሁ። በተለይ ወር መጨረሻ ላይ፣ ኪራይ ሲደርስ። አንዲት መምህርት በጥቁር ታኮ ጫማ እንዲሁ ብዬ ሸኝቻት ዓመቱን ሙሉ በሱቄ በር ስታልፍ ሰላም አላለችኝም። እሷ ግን በሬን ታውቀው ነበር፤ አንድ ቀን ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ብታስቀምጠው መድረሻ አልነበረኝም። የምላችሁ ልዩነት ይህ ነው።

አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ እዚያም ሱቅ እየተዘጋ እንደሆነ ይነግረኛል። ፔይለስ የሚባለው የርካሽ ጫማ መደብር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 አሜሪካ ውስጥ የነበሩትን ከ2,000 በላይ ሱቆቹን ዘግቷል። በኢንተርኔት ጫማ በመሸጥ ስሙ የገነነው ዛፖስ ደግሞ በ1999 ሲጀመር የራሱ ጫማ እንኳን አልነበረውም። መሥራቹ ኒክ ስዊንመርን በሰፈሩ ካሉ ሱቆች ፎቶ እያነሳ ይለጥፍና፣ ሰው ሲያዝ ከዚያው ሱቅ ገዝቶ ይልክ ነበር። (ተማሪዬ ትዝ አለኝ።) ሰዉን ሳይለካ እንዲገዛ ያደፋፈረው ግን መላኪያም መመለሻም በነጻ መሆኑ፣ ለመመለስም 365 ቀን መሰጠቱ ነው። ሰው ሁለት ቁጥር አዝዞ ሳሎኑ ውስጥ ይለካና ያልሆነውን ይመልሳል። እኛ ጋ የመጣው ፎቶው ብቻ ነው፤ መመለሻው አልመጣም። "መቀየር ይቻላል" ተብሎ ይጻፋል፤ የአውቶቡሱን ለሁለት ጉዞ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ግን እንደ ዋጋው "በውስጥ መስመር" ነው። ሕጉም ቢሆን ቶሎ የሚደርስላችሁ ዕቃው ጉድለት ሲኖርበት ነው፤ መጥበብን ጉድለት ነው ብላችሁ ማንን ታሳምናላችሁ?

በስልክ አትግዙ ለማለት ድፍረት የለኝም። 47 ቁጥር የሚያደርግ አንድ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ስድስት ዓመት እየተመላለሰ የለኝም ስለው ኖሯል። ስልክ በአንድ ሳምንት አለበሰው። በእኛው አቆጣጠር በ2015 ነሐሴ የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም ደንበኞቼ ተመልሰው ነበር፤ ግን መንገዱም አስተማማኝ ስላልነበር መደርደሪያዬ ላይ የቀረው 38 እና 45 ነበር። በኩራት የምናገረው ዘመን አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልለምናችሁ። ገጠር ላሉ ወላጆቻችሁና ታናናሾቻችሁ ስትልኩ ለፎቶ የሚያምረውን አትምረጡ፤ ሽፍን የሆነውን፣ ከፊት ሰፋ ያለውን ምረጡ። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር የሄደ ሰው እግሩ ሊያብጥ ይችላል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የሚከለክለው ከልጅነት ጀምሮ እግርን መታጠብና ጫማ ማድረግ ነው። የጠበበ ጫማ ደግሞ ለበዓል ተደርጎ አልጋ ሥር ይቀመጣል፤ ልጁም ወደ አፈሩ ይመለሳል። ለእነርሱ ስንደዶዋን በስልክ አስለኩ።

ሱቁን ስዘጋ መስታወቱንና መደርደሪያውን ሸጥኩ። ከጎረቤቶቻችን አንዷ ልጅ፣ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ከመኝታ ክፍሏ በቴሌግራም ጫማ ትሸጣለች። የእግር መለኪያ ሰሌዳዬን ለእሷ ሰጠኋት። አሁን እያንዳንዱን ጫማ ከነማስመሪያው ነው ፎቶ የምታነሳው። ባለፈው ቅዳሜ መንገድ ላይ አገኘችኝ። ደንበኞቿ ካልለካን አንከፍልም እያሉ ግቢዋ በር ላይ እየተሰለፉ አስቸግረዋታል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው የሚለካው። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ፦

"ጋሼ፣ ያቺን በርጩማዎን ሸጧት እንዴ?"

አልሸጥኳትም።