የምንጩ መንገድ

ባለፈው ወር ደሴ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ አንዲት የሲቪል ምህንድስና ተማሪ አጠገቤ መጣች። ቀያሽ እንደነበርኩ ሰምታለች። «ጋሼ፣ የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን በሰፋ ቁጥር የሰፈሩ ሰው ለምንድነው የሚቀየመን? ካሳቸውን ወስደው የለም እንዴ?» አለችኝ። ልመልስላት አፌን ከፈትኩና ዝም አልኩ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ሲኒዬን አስቀምጬ ስለ ዝናቡ ማውራት ጀመርኩ። እሷም ጨዋ ናት፣ ስለ ዝናቡ አወራችልኝ።

መልሱን አሁን ልጻፈው።

2001 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ወሎ ውስጥ ለአንድ ግቢ ማስፋፊያ የወሰን ችካል እንድተክል ተላክሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። በደስታ ነው የሄድኩት። እኔ ወይዘሮ ስህን ስማር ወሎ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ማትሪክ ያለፈ አዲስ አበባ ወይ አለማያ ይሄዳል። እናቴ በሶ በጨርቅ ቋጥራ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። አውቶቡሱ የሃረጎን ቁልቁለት ሲወርድ በሶው ጉልበቴ ላይ ነበር፣ እንባዬን እየጠረግሁ እሱን እቅም ነበር። ስለዚህ «ዩኒቨርሲቲ በደጃችን» ሲባል ማንም ከፊቴ እንዲቆም አልፈለግሁም።

ፕላኑ ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። መሬት ላይ ግን አንዲት ቀጭን መንገድ ያቋርጣል። መንገዷ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ከምንጩ በላይ የሰፈሩ ቅሬ፣ እድሩ ማለት ነው፣ የሚሰበሰብበት ዋርካ አለ። ጠዋት ላይ ኖራ እያሰመርን ሳለ አንዲት እናት ጄሪካን አዝለው መጡ። ኖራውን አይተው ቆሙ።

«ኧረ በአላህ ልጄ፣ ይቺን መንገድ ተውልን። በዚህ ካልወረድን በየት እንወርዳለን?»

ዓይኔ መለኪያ መሣሪያዬ፣ ቶታል ስቴሽኑ ላይ ነበር። ቀና እንኳ አላልኩም። «እማማ፣ ቅሬታ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ» አልኳቸው። መጻፍ እንደማይችሉ ለመገመት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም ነበር። ጄሪካኑን አወረዱ። በተረከዛቸው ኖራውን ትንሽ ፋቅ ፋቅ አደረጉት፣ እንደ ልጅ። ከዚያ ፀሐዩ በርትቶብኝ አይተው ነው መሰለኝ፣ በጣሳ ውሃ ቀድተው ሰጡኝ። ጠጣሁ። በጣም ቀዝቃዛ ነበር። ጣሳውን መለስኩና የተፋቀውን ኖራ እንደገና አሰመርኩት።

ይህ ብቻ ቢሆን ይሻል ነበር። በሳምንቱ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ስንት ሰው እንደመጣ ለማወቅ ነው ብለን አቴንዳንስ አስፈረምን። ብዙው በአውራ ጣቱ ነው የፈረመው። ቃለ ጉባኤውን እኔ ያዝኩ፣ ጽሑፌ ያምራል ይባል ነበር። መጨረሻ ላይ «ነዋሪዎቹ ተወያይተው በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ብዬ ጻፍኩና አቴንዳንሱን ከኋላው በስቴፕለር አያያዝኩት። ማንም አላዘዘኝም። ጨረታው እንዳይዘገይ ነው እንጂ።

ካሳው ተከፍሏል። የጊዜው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ነበር፤ መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ ባለፉት 5 ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ ይታሰብለታል። ጤፉን፣ ባህር ዛፉን አንድ በአንድ ቆጥረናል። ነዋሪውም መልአክ አልነበረም፣ በአንድ ሌሊት ተተክሎ ያደረ ችግኝ አይቻለሁ። ስቄ ቆጠርኩት። የምንጩ መንገድ ግን የማንም ስላልሆነ ቅጹ ላይ ረድፍ አልነበረውም። ዋርካውም እንደዚያው። ያኔ መስመሩን 12 ሜትር ወደ ውስጥ ማጠፍ እችል ነበር። ያ ጥግ እስከ ዛሬ ሳር ነው።

ግቢው መሠራቱን አሁንም እደግፋለሁ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የተመረቀችው። ይቅርታ ስጠይቅና ስኮራ አንድ ላይ ሆነብኝ፣ ምን ላድርግ።

በ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1161 ወጣ። 10 እጥፉን 15 እጥፍ አደረገው፣ ስሌቱም ባለፉት 3 ዓመታት ከተገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ ሆነ። ባለይዞታው ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት እንዲመከር አለ። ለማኅበራዊ ትስስር መቋረጥም ካሳ አሰበ። ሕጉ ከእኔ ቀድሞ ተምሯል።

እናንተ የዛሬ መሐንዲሶች ደግሞ ሳይቱን በድሮን አይታችሁ፣ ላፕቶፕ ላይ ጨርሳችሁ ትመጣላችሁ። ጫማችሁ አቧራ አያውቅም። ብቻ ልፈርድባችሁም አፍራለሁ፤ እኔ እዚያው መሬት ላይ ቆሜ፣ ውሃቸውን ጠጥቼ፣ ምን አየሁ? ስለ ጉቦ አልመክራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። ለስብሰባው መገኘትና ለመስማማት ግን በአንድ ወረቀት አታስፈርሙ። ስብሰባ የሚመጣው አባወራው ነው፣ መንገዱን የምታውቀው ውሃ የምትቀዳዋ ናት። በውሃ ሰዓት ሂዱና ጠይቁ።

ከዓመታት በኋላ በዚያ አልፌ ነበር። አጥሩ አንድ ቦታ ላይ ተፈልቅቋል፣ ሽቦው ወደ ላይ ታጥፏል። ጥበቃው «በየጊዜው እንጠግነዋለን፣ ተመልሶ ይከፈታል» አለኝ። ጠጋ ብዬ አየሁት። ልክ መንገዷ የነበረችበት ላይ ነው፣ አንድ ሜትር እንኳ አልሳቱም።

አንቺ ልጅ፣ ግቢሽ አጥር ላይ እንዲህ ያለ ቀዳዳ ካለ፣ ሳይደፍኑት ወዴት እንደሚያወጣ ሄደሽ እዪው።