ቅቤ ወይስ ማርጋሪን? ጥያቄና መልስ ከወዛደሩ ጋር

ወዛደሩ፦ እንዴት ዋላችሁ። የምግብ ኬሚስት ነኝ፤ ብዙ ዓመት ዘይት ፋብሪካ ሠርቻለሁ። ስለ ቅቤ፣ ስለ ማርጋሪንና ስለሚረጋ ዘይት ጠይቁኝ። ሐኪም ግን አይደለሁም። መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች የኔን መልስ ይዛችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ።

እናት ጓዳ፦ ጋሼ ሰላም። ባጭሩ የቱ ይሻላል? ቅቤ ወይስ ማርጋሪን?

ወዛደሩ፦ የትኛው ማርጋሪን? ስንት ቅቤ? እንዲህ ተድበስብሶ ሲጠየቅ አልወድም። የመጀመሪያዋ ስለሆንሽ ግን ልመልስ። ከፈሳሽ ዘይት የተሠራ፣ ትራንስ ፋት (ፈሳሽ ዘይት በፋብሪካ ሲረጋ የሚፈጠር ጎጂ ስብ) የሌለበት ለስላሳ ማርጋሪን ለልብ ከቅቤ ይሻላል። በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት፣ እንደ ሳሙና የደረቀው የድሮ ማርጋሪን ደግሞ ከቅቤ ይብሳል። ከሁለቱም የሚሻለው ፈሳሽ ዘይት ነው። በቃ።

ተማሪው፦ ሃይድሮጂን ገባበት ሲባል ምን ማለት ነው?

ወዛደሩ፦ እሰይ፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው እየጠበቅሁ ነበር። ማርጋሪን ሲጀመር ከአትክልት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1869 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) ፈረንሳዊው ኬሚስት ኢፖሊት ሜዥ ሙሪየ የሠራው ከከብት ሞራ ነው። ሦስተኛው ናፖሊዮን ለወታደሩና ለድሃው ርካሽ የቅቤ ምትክ ይፈልግ ነበር። የአትክልት ዘይት በብዛት የገባው በኋላ ነው። ዘይት ደግሞ ይፈሳል፤ ዳቦ ላይ አይቆምም። በ1902 ጀርመናዊው ቪልሄልም ኖርማን ፈሳሽ ዘይት ማርጋት የሚቻልበትን መንገድ በስሙ አስመዘገበ። ዘይቱን ታሞቃለህ፣ ኒኬል ትጨምራለህ፣ ሃይድሮጂን በግፊት ታስገባበታለህ።

እስከ መጨረሻው ካስገባህበት ድንጋይ ይሆናል፤ ለመቀባት አይመችም። ስለዚህ ፋብሪካው መሃል ላይ ያቆመዋል። ትራንስ ፋት በብዛት የሚቀረው እዚህ መሃል ላይ ሲቆም ነው። «በከፊል» የምትለዋን ቃል አጥብቄ የምይዛት ለዚህ ነው። ይህ ስብ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ ያደርጋል፣ ጥሩውን ደግሞ ዝቅ። የቅቤ ስብ እንኳ ሁለተኛውን በደል አይፈጽምም። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990 ይህን በግልጽ አሳዩ። ዴንማርክ በ2003 ከምግብ ስብ ውስጥ የፋብሪካ ትራንስ ፋት ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ በሕግ ገደበች። አሜሪካ በ2015 ወሰነች፣ ከ2018 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለች። በዚያው በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከምግብ ጨርሶ እንዲወጣ ዘመቻ ጀመረ። «ማርጋሪን ይገድላል» የሚለው ወሬ ማርጋሪን ትራንስ ፋት ከሞላበት ዘመን የተረፈ ነው። ለዚያ ዘመን ማርጋሪን ደግሞ እውነት ነበር።

የሸኖ ልጅ፦ አባቶቻችን ቅቤ እየበሉ ዘጠና ዓመት ኖረዋል። የፈረንጅ ጥናት አያስፈልገንም።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ አባቶቻችን ቅቤውን ገበያ ወስደው ነበር የሚሸጡት። ቤት ውስጥ ለበዓልና ለአራስ ነው የሚወጣው። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉ ጾም ነው። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ በእግር።

የሸኖ ልጅ፦ የኔ አያት በየቀኑ ነበር የሚበሉት።

ነርሷ፦ ያንተ አያት ባለጸጋ ነበሩ ማለት ነው።

ወዛደሩ፦ ነርሷ ያለችው ልክ ነው። ወደ ጥያቄ።

ዳቦ ቀቢ፦ ዘይት ራሱ መርዝ ነው፣ ቅቤ ነፃ ወጥቷል ይላሉ ቲክቶክ ላይ። ታይም መጽሔት ሳይቀር «ቅቤ ብሉ» ብሏል።

ወዛደሩ፦ የ2014ቱ ሽፋን ነው። አውቀዋለሁ፣ አናዶኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው ቅቤ ትቶ በምትኩ ነጭ ዳቦና ስኳር ከበላ ልቡ ምንም አይጠቀምም። ቅቤን ትቶ ፈሳሽ ዘይት ከበላ ይጠቀማል። ጥናት ላይ ሁለቱን ዓይነት ሰዎች ደባልቀህ ብትመዝን «ለውጥ የለም» ይወጣልሃል። ሁሌም ስለ ቅቤ ሲወራ «በምን ተተካ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መርካቶ፦ ቅቤ ስንት ቢበላ ነው ችግር የሚሆነው?

ወዛደሩ፦ ይሄ ጥያቄ ነው! የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ (ቅቤና ሞራ ውስጥ የሚበዛው፣ የሚረጋው ስብ) በቀን ከምናገኘው ኃይል ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው 22 ግራም ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ 8 ግራም አካባቢ አለው። ሦስት ማንኪያ ላይ ጣሪያው አለፈ፤ ሥጋውን፣ አይቡንና ወተቱን ገና አልቆጠርንም። ክትፎ ላይ የሚፈሰውን አስቡት። በዓል ለማክበር ማንም አይከለክላችሁም። እኔም እበላለሁ። በየቀኑ ሽሮ ላይ ጣል የሚደረገው ነው የሚጠራቀመው።

ፒያሳ፦ በጀሪካን የሚሸጠው የሚረጋው ዘይትስ? ላዩ ላይ «ኮሌስትሮል የለውም» ይላል።

ወዛደሩ፦ ኮሌስትሮል ከእንስሳ እንጂ ከተክል አይመጣም፤ ስለዚህ ጽሑፉ ውሸት አይደለም። ግን ማዘናጊያ ነው። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። የሚረጋውም ለዚህ ነው እንጂ ግድ ሃይድሮጂን ገብቶበት አይደለም። ከቅቤ ትንሽ ይሻል ይሆናል፤ ከኑግ ጋር ግን አይወዳደርም። የኑግ ዘይት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ ማለትም መጥፎውን ኮሌስትሮል ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት። ጉዳቱ ሙቀት አለመቻሉ ነው። ለወጥ ጥሩ ነው፤ ደጋግማችሁ አትጥበሱበት። ደግሞ እደግመዋለሁ፦ የረጋ የአትክልት ዘይት «ቅቤ» ተብሎ ስለተሸጠ ቅቤ አይሆንም። ዝርዝሩን አንብቡ።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ አሁን ነው የገባሁት። ለጤና ቅቤ ነው ማርጋሪን የሚሻለው?

ወዛደሩ፦ ከላይ አንብብ።

ሙሽራዋ፦ አንድ ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዝቼ ሳነጥረው ግማሹ ጠፋ። ተጭበርብሬ ነው?

ወዛደሩ፦ ሳይመስለኝ አልቀረም። ጥሩ ቅቤ 80 በመቶ ገደማ ስብ ነው፣ የቀረው ውሃና አጓት። ከአንድ ኪሎ 800 ግራም አካባቢ ጠብቂ። የገጠር ቅቤ በደንብ ካልታጠበና ካልተጨመቀ ውሃው ይበዛል፣ ትንሽ ዝቅ ቢል አይገርምም። ግማሽ ከሆነ ግን ውሃ ታክሎበታል ወይም ሙዝና ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ዱቄት ከሆነ ስታነጥሪው ከሥር ይቀራል። የሚያሳስበኝ የረጋ የአትክልት ዘይት የተቀላቀለበት ነው። እሱ አብሮ ይቀልጣል፣ ሽታውም ከቅቤው ጋር ይሄዳል። በዓይን አይለይም፣ ላቦራቶሪ ይፈልጋል።

የሸኖ ልጅ፦ በሳል ቅቤ ግዙ፤ በሳል አይጭበረበርም።

ሙሽራዋ፦ በሳሉ ለወጥ እንጂ ለክትፎ ይሆናል እንዴ?

የሸኖ ልጅ፦ ለክትፎማ ለጋ ነው። ማን ለክትፎ አለ?

ወዛደሩ፦ በሳልም ይጭበረበራል። እንዲያውም ሽታው ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ይሸፍናል።

ጾመኛው፦ ማርጋሪን የጾም ነው?

ወዛደሩ፦ አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም አጓት አለበት። ዝርዝሩን አንብብ። የቀረውን አባቶችን ጠይቅ።

ከናታንያ፦ እኛ እስራኤል ሥጋና ወተት አንቀላቅልም፣ ስለዚህ ዶሮ ወጥ ላይ ቅቤ አይገባም። ፓርቬ የሆነ፣ ማለትም ሥጋም ወተትም የሌለበት ማርጋሪን ነው የምጠቀመው። ልቀጥል?

ወዛደሩ፦ ማርጋሪኑ ለምን አስፈለገ? የቅቤያችን ጣዕም ግማሹ ከቅመሙ ነው። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ አብሽና ነጭ ሽንኩርት ፈሳሽ ዘይት ውስጥ በለሰለሰ እሳት ላይ አቆዩና አጥልሉት። እዚህም ለጾም እንዲሁ የሚያደርጉ አሉ። ዶሮ ወጡ ላይ እሱን ጨምሩ።

አራስ ቤት፦ አዲስ ለተወለደው ልጄ እናቴ ቅቤ ካላቃመስኩ እያለች ነው።

ወዛደሩ፦ አይደረግም! እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ። ጤና ጣቢያ ውሰጃትና እዚያ ይንገሯት።

ከዲሲ፦ እቃው ላይ «ትራንስ ፋት 0» ይላል። ይታመናል?

ወዛደሩ፦ በአሜሪካ ሕግ ለአንድ ጊዜ መመገቢያ ከተባለው መጠን ውስጥ ከግማሽ ግራም በታች ከሆነ 0 ተብሎ ይጻፋል። ፊት ለፊት ያለውን ትተህ ጀርባውን አንብብ። «ፓርሻሊ ሃይድሮጂኔትድ» (በከፊል ሃይድሮጂን የገባበት) የሚል ካለ መልሰው። እናንተ ጋ አሁን ብዙም አይገኝም። ከሌላ አገር የመጣ ሸቀጥ ስትገዛ ግን ዓይንህን ክፈት።

እንግዳ፦ ታዲያ በአጠቃላይ የቱን ይመክሩናል?

ወዛደሩ፦ አራተኛ ጊዜ አልመልስም።

እናት ጓዳ፦ ሦስተኛ ነው ጋሼ።

ወዛደሩ፦ ይሁን፣ ሦስተኛ። ያም ሆኖ አልመልስም።

ኬክ ቤት፦ እኔ ኬክ ቤት ነው የምሠራው። በካርቶን የሚመጣ ደረቅ ማርጋሪን ነው ለሚልፎሊው የምንጠቀመው። ፈሳሽ ዘይት ሊጡን አያነጣጥልልንም።

ወዛደሩ፦ አንተን ነበር የምፈልገው። ሰው ቤቱ ቅቤ እየመጠነ በየማኪያቶው አንድ ኬክ ይበላል፤ ውስጡ ምን እንዳለ አይጠይቅም። ለሚልፎሊ ፈሳሽ ዘይት እንደማይሆን አውቃለሁ። ካርቶኑ ላይ ምን ተጽፏል?

ኬክ ቤት፦ ፓልም፣ ውሃ፣ ጨው፣ ኢሙልሲፋየር፣ ቀለም። ሃይድሮጂን የሚል ቃል የለም።

ወዛደሩ፦ እንግዲያው ዋናው ስጋት ትራንስ ፋቱ አይደለም። ሳቹሬትድ ስቡ ግን ሞልቶበታል። አስመጪውን የትራንስ ፋት ምርመራ ወረቀት ጠይቁት፤ ጨዋ አስመጪ አይደብቅም። «ሃይድሮጂኔትድ» ብቻ ብሎ «በከፊል» ይሁን «ሙሉ በሙሉ» የማይለይ ካርቶን ከመጣ አትቀበሉ። ለስፖንጅ ኬኩና ለማፊኑ ደግሞ ማርጋሪን አያስፈልግም፣ በፈሳሽ ዘይት ይነሳል።

ኬክ ቤት፦ ባለቤቱ በዘይት ከሠራን ይወደዳል ይላል።

ወዛደሩ፦ በዋጋው ጉዳይ ከባለቤቱ ጋር አስተካክሉት። እኔ ስለ ስቡ ነው የተጠየቅሁት።