ጎማ የሚመሰገነው ሲወልቅ ነው

ውድ ወጣት አሽከርካሪዎች፣

ከጥቂት ሳምንታት በፊት የወንድሜ ልጅ የመጀመሪያ መኪናውን ገዝቶ ሊያሳየኝ ቤቴ መጣ። መኪናዋ ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ናት፤ እሱም እንደ ማንኛውም አዲስ ባለመኪና ስለ ሞተሯ ንጽሕና፣ ስለ ነዳጅ ቁጠባዋና ስለ ቴፗ ድምፅ ሳያቋርጥ ነገረኝ። ወሬውን እየሰማሁ ቁጢጥ ብዬ የጎማዎቹን ጥርስ በጣቴ ስዳብስ ሲያየኝ ግን ሳቀና «ጋሼ፣ ጎማ እኮ ያው ጎማ ነው» አለኝ። በዚያ ሰዓት የመለስኩለት አጭር ነበር፤ በረጅሙ ልመልስለት የፈለግሁትን ለእሱም፣ ዕድሜውን ለምትጋሩት ለእናንተም እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ ከ1975 እስከ 2008 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል የሠራሁ መካኒክ ነኝ፤ ከእነዚህ ዓመታት አብዛኛዎቹን ያሳለፍኩትም የጎማ ክምችትንና ቅያሬን በመቆጣጠር ነው። ሥራውን ስረከብ አለቃዬ አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ደብተር ሰጡኝና ጎማ በተገጠመ ቁጥር ቀኑን፣ በዚያ ዕለት የነበረውን የኪሎ ሜትር ንባብ፣ የተገጠመበትን እግር፣ በመጨረሻም የወለቀበትን ምክንያት እንድመዘግብ አዘዙኝ። መጀመሪያ ላይ የወረቀት ጣጣ መስሎኝ ነበር። ከሦስት ከአራት ዓመት በኋላ ግን ደብተሩና የሾፌሮቹ አንደበት ሁልጊዜ እንደማይስማሙ አስተዋልኩ። ሾፌር አዲስ ጎማ በተገጠመለት በመጀመሪያው ሳምንት ምንጊዜም ደስተኛ ነው፤ ድምፁ ይቀንስለታል፣ ፍሬኑ ቶሎ ይይዝለታል፣ መኪናው የታደሰ ይመስለዋል። ይህ ደስታ ስለ ጎማው የሚነግረን ነገር ጥቂት ነው፤ ሊሾ ከሆነ ጎማ በኋላ የሚመጣ አዲስ ጎማ ሁሉ ጥሩ ነውና። ጎማው አልቆ በወለቀ ቀን ሾፌሩ «ያንኑ ዓይነት ድገሙልኝ» ካለ፣ ደብተሩም ጥርሱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ማለቁን ከመሰከረ፣ ያን ጊዜ ባለመኪናው በግዢው ረክቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምነግራችሁን የተማርኩት ከወለቁ ጎማዎች ነው።

«ያንኑ ድገሙልኝ» የሚለውን ቃል አብዝቼ የሰማሁት ወደ ገጠር ከሚሰማሩ የላንድክሩዘር ሾፌሮች ሲሆን፣ የሚያስደንቀው ያረካቸው ጎማ ለዓይን የማይስብ መሆኑ ነው። የሥራ ላንድክሩዘሮቻችን 7.50R16 የሚባለውን፣ ቀጭንና ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ከውስጡም የአየር ከረጢት የሚገባበትን ጎማ ያደርጉ ነበር። ዛሬ ብዙ ወጣት ሰፊ ጎማ ማለት ብርቱ ጎማ ማለት ይመስለዋል። በክረምት በመረሬ መሬት ላይ ግን ሰፊው ጎማ በጭቃው ላይ ሲንሳፈፍ ቀጭኑ ጭቃውን ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ይነክሳል፤ ከፍ ያለው ጎኑም የኮረኮንቹን ምት ይውጥለታል። አሸዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በዚያ ሰፋ ብሎ አየሩ ቀነስ ያለ ጎማ ነው የሚያሻግረው። አንድ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ይህንን ንቀው ሰፋፊ ጎማ ከሚያብረቀርቅ ቸርኬ ጋር አስገጠሙና፣ አንድ ክረምት ካሳለፉ በኋላ ድምፃቸውን አጥፍተው የድሮውን አስመለሱ። እኔም በደብተሬ ላይ «በተጠቃሚው ጥያቄ ተቀየረ» ብዬ ብቻ ጻፍኩ።

ከእናንተ አብዛኞቻችሁ የምትነዱት በአስፋልት ስለሆነ የእናንተ ጭቃ የሐምሌ ዝናብ ነው። ለወራት የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ሲቀላቀል ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል የሚወርድ ሰው የጎማውን ጥርስ ዋጋ በአንድ ጊዜ ይማራል። በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ከፍ ከፍ ያሉ ትንንሽ ድልድዮች አሉ፤ የጎማው ፊት ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ የቀረው ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ይህም የመጨረሻው ወሰን ነው። እኔ ግን ክረምት ሲቃረብ 3 ሚሊ ሜትር የደረሰ ጎማ ሳይ እንዲወልቅ አዝ ነበር፤ ውኃውን አውጥቶ አስፋልቱን የመጨበጥ አቅሙ ወሰኑ ላይ ከመድረሱ ብዙ አስቀድሞ ስለሚዳከም ነው።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሳታነቡት እንዳታልፉ የምለምናችሁ ግን የምርት ጊዜውን ነው። በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት ቀጥሎ ረጅም ምልክት ይገኛል፤ በምልክቱ መጨረሻ ላይ ካሉት አራት አሃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። አሃዞቹ ብዙ ጊዜ የሚጻፉት በአንደኛው ጎን ብቻ ስለሆነ ከውጭ ካጣችኋቸው ጎማውን አስገልብጡ። ዓመቱ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ደግሞ ልብ በሉ። በ2016 ዓ.ም. በራይድ ሥራ የሚተዳደር አንድ የሰፈራችን ልጅ አራት ጎማ በጥሩ ዋጋ ማግኘቱን በደስታ አበሰረኝ፤ «ዘንድሮ የተመረተ ነው፣ ዓመቱ ራሱ ተጽፎበታል» ብሎም አሳየኝ። እውነትም 2016 ይላል። ነገር ግን ትርጉሙ በፈረንጆቹ 2016 ዓመት፣ በ20ኛው ሳምንት ማለት ነው፤ ይህም በእኛ ግንቦት 2008 ዓ.ም. ሲሆን ጎማዎቹ ሳይነዱ ስምንት ዓመት ያስቆጠሩ ነበሩ። ሻጩ አልዋሸውም፤ አንብቦ የተሳሳተው ራሱ ነው፣ ሻጩም አላረመውም። በተከታዩ ክረምት ጎናቸው እንደ ደረቀ ኩሬ መሬት ተሰነጣጠቀ። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» ማለት የቻልኩት ለራሴ ነው፤ ልጁን ግን ምን ብዬ ልውቀሰው? ዓመተ ምሕረታችን ከዓለም የተለየ በመሆኑ እንዲህ ያለ ወጥመድ ላይ የምንወድቀው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

ላስቲክ በአየር፣ በሙቀትና በፀሐይ እየደረቀ ስለሚሄድ ያልተነዳ ጎማም ያረጃል። ሚሽሊንን የመሰሉ አምራቾች አገልግሎት ላይ የዋለ ጎማ ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ባያልቅም እንዲወገድ ይመክራሉ። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ከተደረደረ ጎማ ይልቅ ከውስጥ ከጥላ የሚወጣላችሁን ምረጡ፤ ቅባት ተቀብቶ የሚያብለጨልጭ ያገለገለ ጎማንም እርጥብ ጨርቅ ይዛችሁ ጠርጉት፣ ስንጥቁ ካለ ያን ጊዜ ይታያል። ከአውሮፓ ያገለገለ መኪና የምታስመጡ ደግሞ በጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት የክረምት ጎማ ይዞ ሊመጣላችሁ ይችላል። የዚያ አገር ክረምት ብርድ ስለሆነ ላስቲኩ ለስላሳ ነው፤ በአዋሽና በድሬዳዋ ሙቀት እንደ ላጲስ ያልቃል።

ስም ጥራልን እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በደብተሬ ላይ ሚሽሊን፣ ብሪጅስቶንና ዮኮሃማ ሳያሳፍሩኝ አልፈዋል፤ ሃንኮክና ኩምሆ የሚባሉት የኮሪያ ጎማዎችም በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ አገልግለዋል፤ ለጭነት መኪናዎቻችን መጀመሪያ «አዲስ ጎማ»፣ በኋላ ማታዶር፣ አሁን ደግሞ ሆራይዘን የሚለውን ስም የያዘው ያገራችን ፋብሪካ ምርት ብዙ ጊዜ አውጥቶናል። ይሁን እንጂ አንድ ስም የያዘው ጎማ በአንዱ መኪና ላይ 60,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ በሌላው ላይ በ20,000 ሲወልቅ ስላየሁ ለስም ያለኝ አክብሮት ልክ አለው። ልዩነቱን የሚያመጣው ብዙ ጊዜ አየሩ ነው።

ስለ አየር ትንሽ ልቆይ። ብዙ ሰው በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የአየር መጠን አይቶ ያንኑ ያስሞላል፤ እሱ ግን ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው እንጂ ለመኪናችሁ የሚገባው አይደለም። የሚገባው መጠን የሾፌሩ በር ሲከፈት በምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል። አየር ያነሰው ጎማ ሁለት ዳሮቹ ያልቃሉ፣ ጎኑም ሲተጣጠፍ ይግላል፤ የበዛበት መሐሉ ያልቃል። በአገራችን ደግሞ ከፍታው ነገሩን ያጣፍጠዋል። የአየር መለኪያው የሚያሳየው በጎማው ውስጥ ያለው ግፊት በውጭ ካለው የሚበልጥበትን ልዩነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ በመሆኗ የውጩ አየር ስስ ነው፤ እዚህ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የሞላ ጎማ ሙቀቱ ሳይለወጥ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው አዋሽ ቢወርድ ወደ 30 ዝቅ ብሎ ይነበባል። ቆላው ግን ስለሚሞቅ፣ በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ጭማሪ አንድ ፒኤስአይ ያህል ይመለሳል፤ በመጨረሻ ሁለቱ ይቻቻሉና ንባቡ ከተነሣችሁበት ብዙም አይርቅም። አደጋው ያለው በመሐል መንገድ የጋለ ጎማ ለክታችሁ «በዝቷል» በማለት ስታስተነፍሱ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ያነሰ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ለኩ፣ ነገር ግን ጠዋት፣ መኪናው ከመነሣቱ በፊት ለኩ። ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳችሁ አባይ ድልድይ አጠገብ ስትቆሙ የፍሬኑ ግለት በቸርኬው አልፎ ጎማው ድረስ ስለሚደርስ፣ በዚያ የምታገኙት ንባብ ለምንም አይጠቅማችሁም።

ከደብተሬ የተማርኩት ሌላው ነገር አራቱ እግሮች አንድ ዓይነት ጎማ ያደረጉለት ባለመኪና ከሌላው ይልቅ እንደሚረካ ነው። ለሁለት ብቻ የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ አዲሶቹን ከኋላ አስገጥሙ። ይህን ስናገር የማይከራከረኝ ጎሚስታ አላጋጠመኝም፤ «መሪ ያለው ፊት ነው፣ አዲሱ ፊት ይግባ» ይላሉ። ይሁን እንጂ በዝናብ ፊቱ ቢንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሾፌሩም ነዳጁን ለቆ ያርመዋል፤ የኋላው ከተንሸራተተ ግን መኪናው በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል፣ ያንን ለማረም የሚበቃ ጊዜና ችሎታ ያለው ሰው ጥቂት ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ብዙዎቻችሁ በኤሌክትሪክ መኪና ጀምራችኋል፤ ይህ በእኔ ደብተር ውስጥ የለም፣ የጎማ ሕግ ግን አይለወጥም። 185/65R15 88H የሚል ጎማ ብታዩ 185 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ኢንች ሲሆን፣ 88 አንዱ ጎማ 560 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ኤች ደግሞ እስከ 210 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደተፈተነ ያመለክታል። ቪትዝ አንድ ቶን ገደማ ስትመዝን ባትሪ የተሸከመው ቮልስዋገን አይዲ 4 ሁለት ቶን ያልፋል፤ ስለዚህ የጭነቱ ቁጥር ካነሰ ጎማ ራቁ። በተጨማሪም ባለ 19 ኢንቹ አይዲ 4 ከፊት 235፣ ከኋላ 255 ስፋት ያለው ጎማ ስለሚያደርግ እኛ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ እንደምናደርገው የፊቱን ወደ ኋላ ማዛወር አይቻልም። የኋላዎቹ ቀድመው ማለቃቸውን አስባችሁ በጀት ያዙ።

ዋጋን በተመለከተ የማስላት ልማድ ይኑራችሁ። ለምሳሌ በ6,000 ብር ተገዝቶ 25,000 ኪሎ ሜትር የሄደ ጎማ በኪሎ ሜትር 24 ሳንቲም አስወጥቷችኋል፤ በ9,000 ብር ተገዝቶ 50,000 የሄደው 18 ሳንቲም። ይህን ለማወቅ ግን የተገጠመበትን ንባብ መጻፍ ያስፈልጋል።

ጎሚስታችሁን አክብሩት፣ ነገር ግን ከአጠገቡ አትራቁ። ፊቱ ላይ የተወጋ ጎማ ከውስጥ በኩል ሲለጠፍ ይድናል፤ ጎኑ የተወጋ ጎማ ግን ማንም ቢምልላችሁ አይጠገንም። ስኮርት ጎማውንም አየሩን እንዲያይላችሁ አስታውሱት፤ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው ባዶ መሆኑን መንገድ ላይ ሲያውቅ ነው።

የወንድሜ ልጅ «ያው ጎማ» ያላቸውን አራቱን አብረን ስናነብ አራት የተለያየ ስም አገኘንባቸው፤ ከኋላ በስተግራ ያለው ከተመረተ 11 ዓመት ሞልቶታል። ቅዳሜ አብረን ልንገዛ ተቀጣጥረናል፤ ከመምጣቱ በፊትም አንድ ደብተር እንዲገዛ ነግሬዋለሁ።