«ልባም ሴት» ወይስ «ኃያል ሴት»?

አንዲት አንባቢ በምሳሌ 31፥10 ያለው «ልባም ሴት» ከዕብራይስጡ ጋር ይስማማ እንደ ሆነ፣ ደፋር ሴትንም «እሷ እኮ ወንድ ናት» ማለት ያግባባ እንደ ሆነ ጠይቀውኛል።

የዕብራይስጡ ሐረግ «ኤሼት ሐይል» ነው። «ሐይል» የግእዙ «ኀይል» ወንድም ስለ ሆነ (በሃሌታው «ሀ» የሚጽፉትን መውቀስ ከተውሁ ቆይቻለሁ) ሐረጉ ቃል በቃል «የኃይል ሴት» ይሆናል። ይህን ይዘው «ልባም» ስሕተት ነው፣ ተርጓሚዎቹ ሴቲቱን ከኃይል ወደ ጠባይ አወረዷት የሚሉ አሉ። ማስረጃም አያጡም፤ በመጽሐፈ ሩት ይኸው ቃል ለቦዔዝ ሲነገር የ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ «ኃያል ሰው» (2፥1)፣ ለሩት ሲነገር ግን «ምግባረ መልካም ሴት» (3፥11) ይላል። በሩት ተረትቻለሁ፤ በ«ልባም» ግን አልረታም።

በሴም ቋንቋዎች ልብ ከስሜት ይልቅ የማስተዋል ማደሪያ ነው። ግእዝ «ለበወ» ሲል አስተዋለ ማለቱ ነው፤ «ልቡና» የዚያው ዘር ነው፤ እኛም እስከ ዛሬ «ልብ በል» እንላለን። መጽሐፈ ምሳሌ ሰነፉን «ሐሳር ሌቭ»፣ ልብ የጎደለው፣ ይለዋል፤ በ6፥32 አመንዝራው፣ በ7፥7 በሴት የሚታለለው ጎረምሳ እንዲህ ተጠርተዋል፣ ሁለቱም ወንዶች ናቸው። ልብ የጎደላቸውን ወንዶች ሲገሥጽ የቆየ መጽሐፍ በልባም ሴት ውዳሴ ቢፈጸም፣ ተርጓሚው ከቃሉ ርቆ ይሆናል እንጂ ከመጽሐፉ አልራቀም።

ወደ «ወንድ ናት» ስንመጣ፣ የሰብዓ ሊቃናት ግሪክኛ (ጥንታዊው የብሉይ ኪዳን ትርጉም) በዚያው ቁጥር ላይ ሴቲቱን «አንድሬያ» ይላታል፤ ቃሉ «አኔር» ከሚለው፣ ከወንድ ስም፣ የወጣ ነው። በግሪክኛ የጻፉ አይሁድ በዚሁ ገፉበት፦ ፈላስፋው የእስክንድርያው ፊሎን አእምሮን ወንድ፣ የስሜት ሕዋሳትን ሴት አደረገ፤ የግሪኩ አራተኛ መቃብያን (ከእኛ ሦስቱ መቃብያን ጋር አይምታታ) ልጆቿ ለእምነታቸው ሲሞቱ እያየች የጸናችውን የሰባቱን ሰማዕታት እናት ሲያወድስ፣ እግዚአብሔርን የሚፈራ አእምሮዋ በስሜቷ መካከል አንጀቷን ወንድ አደረገው ይላል። የሚገርመው ግን ያው ደራሲ የድሏን ታላቅነት የሚለካው በእናትነት ፍቅሯ ብርታት መሆኑ ነው፤ ያሸነፈችው ስሜት ባይከብድ ኖሮ ውዳሴው ባዶ በሆነ ነበር።

አማርኛችን ይህን ከግሪክ ተዋሰ አልልም፤ አስተሳሰቡ ግን አንድ ነው፣ ለጆሮዬም ይጎረብጠኛል። ሴቶቹ ራሳቸው እርስ በርስ ሲመሰጋገኑበት ስለምሰማ ስሕተት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በጽሑፌ ግን «ልባም» የሚል ቃል እያለን አልጠቀምበትም።