«ተቀባዮቹ ያሰጋሉ» አሉ፤ ታዲያ የኛ ልጅስ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ከከተማው ዳር ዳር ናቸው፤ ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቡራዩ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ሱሉልታ። ጉዳያቸውም አንድ ሆነብኝ። የአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል! እኔ የፕሪሚየር ሊግ ዝውውር ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ግን የዘመድ ልጅ እዚያ የሌለው ቤት ስንት ነው? የጨዋታ ዘመኑ የሚጀምረውም ነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜ ላይ ስለሆነ ጊዜው አሁን ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ጥያቄ፦ የወንድሜ ልጅ አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ነው። አሁን ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ገብቷል። ያንን በእጅ የሚይዙትን ኳስ ይጫወታል፤ «ዋይድ ሪሲቨር» ነው ይሉታል፤ በኛ ተቀባይ መሆኑ ነው። ወንድሜ እሁድ እሁድ ሲደውል ወሬው ሁሉ ይሄ ሆኗል። «ዘንድሮ የቡድኑ ተቀባዮች ያሰጋሉ፤ ያምናዎቹ ሦስት ዋናዎች ሄደዋል» ይለኛል። ቪዲዮ ላከልኝና አየሁት። ልጁ ሲሮጥ ይውላል እንጂ ኳሷን የነካት ሦስቴ ነው። የሚያሰጋው ይሄ ነው እንዴ? ምን ብዬስ ላጽናናቸው? (አክስት፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እትዬ፣ ሦስቴ መንካቱ አያስደንግጥዎት። በዚህ ጨዋታ ኳስ የያዘ ቡድን አራት ዕድል ይሰጠዋል፤ በአራቱ ውስጥ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ ወደፊት መሄድ አለበት። ከሄደ እንደገና አራት ያገኛል፤ ካልሄደ ኳሱን ያስረክባል። ወይ ይዘው ይሮጣሉ፣ ወይ «ኳርተርባክ» የሚሉት ልጅ ይወረውራል። የወንድምዎ ልጅ ሥራ ዳር ላይ ቆሞ፣ ጨዋታው ሲጀመር ሮጦ፣ ጠባቂውን አታሎ፣ የተወረወረውን መያዝ ነው። ቡድኑ በአንድ ጨዋታ 30 ጊዜ ያህል ቢወረውር ለአምስት ለስድስት ሰው ይከፋፈላል። ለአንድ ልጅ ሦስት አራት ከደረሰው ደህና ነው። በቀረው ጊዜ ሥራ ፈት እንዳይመስልዎት። ጠባቂ አስከትሎ ይሄዳል፣ ለሌላው ቦታ ይከፍታል፣ ጓደኛው ኳስ ይዞ ሲሮጥ ደግሞ ፊት ለፊት ገብቶ ተጋጣሚን ይዘጋለታል። ካሜራው ኳሷን ብቻ ስለሚከተል ይሄ አይታይም። አሠልጣኙ ግን ያየዋል፤ መዝጋት የማይወድ ተቀባይ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቢቀመጥ አይደንቀኝም።

አሁን ወደ ስጋቱ። «ዋናዎቹ ሄዱ» የሚባለው በየዓመቱ፣ በየኮሌጁ ነው። ሌላ ምን ይሁን፣ ተማሪ ይመረቃል፣ ጎበዙ ተከፍሎት ወደሚጫወትበት ትልቁ ሊግ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ ይሄዳል። ስም ስለሄደ ብቻ የሚመጣ ስጋት እኔን ብዙም አያሳምነኝም። የአላባማን ዩኒቨርሲቲ ይውሰዱ። በ2019 አራት አስፈሪ ተቀባዮች ነበሩት። ከዚያ ጄሪ ጁዲና ሄንሪ ረግስ ወደ ኤንኤፍኤል ሄዱ። በ2020 ደግሞ ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ፣ ጄለን ዋድል፣ ዘመኑ ሳይጋመስ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የቀረው ዴቮንታ ስሚዝ ነው፤ ክብደቱ 80 ኪሎ የማይሞላ ቀጭን ልጅ። እሱ በዚያ ዘመን 117 ኳስ ያዘ፣ 1,856 ያርድ ሄደ፣ ሄይስማን የሚባለውን የኮሌጅ ምርጥ ተጫዋች ሽልማትም ወሰደ። ተቀባይ ይሄን ሽልማት ሲወስድ ከ1991 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። አላባማም 13 ተጫውቶ 13ቱንም አሸንፎ ዋንጫውን በላ።

ተቃራኒውን ካሉኝ ኤልኤስዩ አለልዎት፤ የሉዊዚያናው ዩኒቨርሲቲ። በ2019 15 ጨዋታ፣ 15 ድል። ኳርተርባኩ ጆ በሮው 60 የታችዳውን (የኛ ጎል እንደማለት ነው) ኳስ ወረወረ፤ ተቀባዮቹ ጃማር ቼስና ጀስቲን ጄፈርሰን ነበሩ። በዓመቱ ጄፈርሰን ሄደ፣ በሮው ሄደ፣ ቼስ በኮቪዱ ዓመት አልጫወትም ብሎ ተቀመጠ። 2020ን አምስት አሸንፈው አምስት ተሸንፈው ጨረሱት። መከላከሉም ተበላሽቶ ስለነበር ሁሉንም በተቀባዮች አላላክክም። ግን ልዩነቱን ልብ ይበሉ። አላባማ ላይ በዚያ ዓመት ዋና የሆነው ኳርተርባክ ማክ ጆንስ፣ ከስሚዝ ጋር በ2017 አብሮ የገባ፣ በልምምድ ሲወረውርለት የኖረ ልጅ ነው። ኤልኤስዩ ግን ወርዋሪውንም ተቀባዮቹንም በአንድ ጊዜ አጣ።

እኔ የምሰጋው እዚህ ላይ ነው፤ መግባባት ላይ። ኳሱ የሚወረወረው ልጁ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው። ለገጣፎ ጠዋት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ይሄን አሳምሮ ያውቀዋል፤ ታክሲው አሁን ወዳለበት የሮጠ ይቀራል፣ የሚቆምበትን ገምቶ የቀደመ ይገባል። ኳርተርባኩ ያለው ሦስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ገና ፊቱን ሳያዞር ኳሱ አየር ላይ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። አንዳንድ ሩጫ መንታ ነው፤ ጠባቂው ርቆ ከቆመ ልጁ አጠር አድርጎ ይዞራል፣ ከተጠጋው አልፎት ይሄዳል፤ ይሄንን ወርዋሪውና ተቀባዩ ሳይነጋገሩ እኩል ማንበብ አለባቸው፣ አንዱ «ይቆማል» ሌላው «እሮጣለሁ» ካለ ኳሷ ተጋጣሚ እጅ ገብታ ቁጭ ትላለች። ተመልካች ደግሞ የቀረበውን ይሰድባል። ይሄ መግባባት በወሬ አይመጣም፤ አብሮ በመለማመድ ነው። ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ደንቡ የሚፈቅድላቸው 25 ልምምድ ነው።

ስለዚህ ወንድምዎ ሲደውል «ስንቱ ሄደ?» አይበሉት። ኳርተርባኩ ያው ያምናው ነው? በበጋቸው (የኛ ክረምት መሆኑ ነው) ከልጁ ጋር ሲወራወሩ ነበር? ጠባቂው ገና ከመነሻው ደረቱ ላይ ተለጥፎ በእጁ ሲገፋው ይላቀቃል ወይስ እዚያው ይታሠራል? ፈጣን ልጅ ሞልቷል፤ ከመነሻው መላቀቅ የሚችል ግን ጥቂት ነው። አንድ ደግሞ ይጨምሩ፦ ዋናው ቢጎዳ ቀጥሎ ማነው? አብዛኛው ጊዜ ሦስት ተቀባይ ነው ሜዳ ላይ የሚገባው፣ ሁለት ዳርና ዳር፣ አንድ ወደ መሃል ጠጋ ብሎ። ከኋላቸው ተጠባባቂ የሌለው ቡድን የዘመኑን ግማሽ ሳይደርስ መተንፈስ ያቅተዋል።

ማጽናናቱን በተመለከተ፣ ወንድምዎን ያጽናኑት። ልጁን ይተዉት። ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሦስት ቦታ ተከፈተ ማለት የምሥራች እንጂ መርዶ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጨዋታዎቹን በስልኬ ነው የማየው። የምደግፈው ቡድን አንድ ተቀባይ አለው፣ ኳሱ እጁ ላይ ደርሶ ይጥለዋል። ባዶ ሜዳ ላይ! ያንን እኔም እይዘዋለሁ። ይሄ ልጅ ዘንድሮም ዋና ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እብድ ናቸው? (ኮዬ ፈጬ፣ ኮንዶሚኒየም)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትይዘውም። ኳሱ ከ28 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፣ 400 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ እየተሽከረከረ ይመጣል፤ ከኋላህ ደግሞ ሊጥልህ የሚንደረደር ሰው እግር ይሰማሃል።

ባዶ ሜዳ ላይ የሚጥሉት እኮ ባዶ ስለሆነ ነው። ኳሱን ሳይጨርሱ ዓይናቸው ወደሚሮጡበት ይዞራል። ድጋሚውን በዝግታ እይና ጭንቅላቱን ተመልከት፤ ኳሱ መዳፉን ሳይነካ አገጩ ከዞረ ምክንያቱ ያ ነው። እጁንም እይ። ከደረት በላይ ለሚመጣ ኳስ አውራ ጣቶቹ ይገናኛሉ፣ ከወገብ በታች ለሚመጣ ትንንሾቹ ጣቶች ይገናኛሉ። በደረቱ አቅፎ የሚይዝ ከሆነ ግን ችግር አለ፤ ነጥሮ ይወጣል። ይሄ ሁሉ በልምምድ ይስተካከላል። ኳስ የሚተፋ ማሽን አላቸው፣ ልጁ ፊቱ ቆሞ መቶ ሁለት መቶ ይይዛል።

አሠልጣኞቹ ለምን እንደሚያስገቡት ልንገርህ። መጣል የሚችለው እኮ ጠባቂውን አምልጦ ኳሱ ጋ የደረሰ ሰው ነው። እጁ ወርቅ የሆነ፣ ግን ከጠባቂው የማይላቀቅ ልጅ ኳስ አይጥልም፤ አይወረወርለትማ! ከሁለቱ የቱን ትመርጣለህ ብትለኝ የሚጥለውን። በዝናብ በወሳኝ ሰዓት ሲጥል ግን አብሬህ እጮኻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆቹ በየዓመቱ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይዘላሉ አሉ። ትምህርት አይደለም እንዴ የሄዱት? ቡድኑስ ተቀባይ ጎደለኝ ብሎ ከጎረቤት ማምጣት ይችላል? (ቡራዩ)

መልስ፦ ይችላል፣ ያመጣልም። «ትራንስፈር ፖርታል» የሚባል መዝገብ በ2018 ተከፈተ፤ መሄድ የሚፈልግ ስሙን ያስገባል፣ ሌሎች ኮሌጆች ይደውሉለታል። ድሮ የተዛወረ ልጅ አንድ ዓመት ሳይጫወት ይቀመጥ ነበር። በ2021 ለመጀመሪያው ዝውውር ይሄ ቀረ፤ ከ2024 ወዲህ ትምህርቱ ደህና እስከሆነ ድረስ ደጋግሞ ቢዛወርም አይቀመጥም። ገንዘቡም አለ። ከ2021 ጀምሮ በስማቸውና በምስላቸው ከማስታወቂያ ማግኘት ተፈቅዶላቸዋል፤ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ኮሌጁ ራሱ በቀጥታ መክፈል ይችላል፤ ጣሪያው በመጀመሪያው ዓመት ለሁሉም ስፖርት ተደምሮ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ታዲያ ትምህርት ነው የሄዱት ላልከው፣ እኔም አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ለቡድኑ ግን ወሳኙ መቼ መጣ የሚለው ነው። ለጸደያቸው (መጋቢት ሚያዝያ ገደማ) 15 ልምምድ የደረሰና በበጋቸው መጨረሻ ሻንጣውን ይዞ የገባ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ኳርተርባኩን ገና እየተዋወቀ ነው።

ጥያቄ፦ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ይሮጣሉ፣ እውነት የሚበሩ ልጆች አሉኝ። ከነሱ አንዱ እንዲህ ዓይነት ተቀባይ መሆን አይችልም? (ቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ቀልድ አይደለም። በ1964 ቶኪዮ ላይ አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ሲያሸንፍ፣ እዚያው ኦሎምፒክ ላይ የ100 ሜትር ወርቁን የወሰደው ቦብ ሄይስ የፍሎሪዳ ኤ ኤንድ ኤም የኮሌጅ ፉትቦል ተጫዋች ነበር። ከዚያ ለዳላስ ካውቦይስ ተቀባይ ሆኖ በጥር 1972 የኤንኤፍኤልን ዋንጫ፣ ሱፐር ቦውልን፣ በላ።

ግን የርስዎ ልጆች የሚበሩት በስንት ሜትር ነው? 1,500 ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ተቀባይ የሚለካው በ40 ያርድ፣ 36 ሜትር ተኩል ነው፤ ከፍጥነቱ ይልቅ ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ሄዶ በሁለት ሦስት እርምጃ ቀጥ ብሎ መዞሩ ይበልጥበታል። ለሙከራ «ፍላግ ፉትቦል» ይጀምሩላቸው። አምስት ለአምስት ነው፣ መጣጣል የለም፣ ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ጨርቅ መንጠቅ ብቻ። በ2028 የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ውስጥም ገብቷል። ኳስና ጥቂት የጨርቅ ቁራጭ በቂ ነው፤ ሜዳው እስኪደርቅ ግን መስከረምን ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ነው ወይስ ቀን የሚታየው? ሰዓቱን በኛ ንገረኝ። (ሱሉልታ)

መልስ፦ አብዛኛው ቅዳሜ ነው። በኒውዮርክ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ የሚጀመረው ለኛ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ይሄ ምርጡ ነው፣ እራት እየበላህ ታየዋለህ። የ3፡30ው ከምሽቱ 4፡30 ይሆናል። የማታው 7፡30 ግን ከሌሊቱ 8፡30 ስለሆነ መብራትም ካርድም እንዳያልቅብህ። ጥቅምት መጨረሻ ገደማ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚቀይሩ ሁሉም ላይ አንድ ሰዓት ጨምር። የምዕራብ ጠረፍ ቡድን ከሆነ የምትደግፈው፣ የማታ ጨዋታቸው ለኛ እሁድ ንጋት ላይ ነው፤ እሱን ተወውና ከቅዳሴ መልስ ቅንጭብጫቢውን እይ።