«ተጠግኗል» ብላችሁ አትጻፉ

በሕክምና መሣሪያ ጥገና የተሰማራ አንድ ወጣት በቅርቡ «መሣሪያው ከሠራ በኋላ መዝገብ መሙላት ከተቆጣጣሪ በቀር ለማን ይጠቅማል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥያቄው ከዓመታት በፊት የተጣለ አንድ አውቶክሌቭ (የሕክምና ዕቃን በሙቅ እንፋሎት ከጀርም የሚያጸዳ መሣሪያ) አስታወሰኝ።

መሣሪያው ጠንካራና ገና ብዙ የሚያገለግል ነበር። ችግሩ ማሞቂያው በየጊዜው መቃጠሉ ነው። በተቃጠለ ቁጥር የዕለቱ ተረኛ ከመጋዘን አዲስ አውጥቶ ይቀይርና ይሄዳል። መዝገቡ ላይ «ተጠግኗል» የምትል አንዲት ቃል ትሰፍራለች፤ ቀን እንኳ ያልተጻፈባቸው ገጾች ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱ ተረኛ ብልሽቱ በእርሱ ተራ ብቻ የደረሰ ይመስለው ነበር። መጋዘኑ ማሞቂያ ሲያልቅበት ጉዳዩ ወደ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ሄደ። «ስንት ጊዜ ተበላሸ?» ሲባል የሚያውቅ ጠፋ። «ሁልጊዜ ነው የሚበላሸው» የሚል ግን አልጠፋምና በቁርጥራጭ ብረት እንዲሸጥ ተወሰነ።

እኔ ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ከመሸጡ በፊት የሚጠቅም ዕቃ ካለው እንድፈታ ታዘዝኩ። የመጨረሻውን ማሞቂያ ሳወጣው ብረቱ አይታይም፤ እንደ እንቁላል ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለብሷል። በመፍቻ ጫፍ ነካ ሳደርገው እየተፈረፈረ ወደቀ። ከሥሩ ብረቱ ተሰንጥቋል። ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት ውኃ ሲሞቅ የሚተወው ደለል ነበር። ደለሉ ሙቀቱ ወደ ውኃው እንዳያልፍ ስለሚያግድ ማሞቂያው በገዛ ሙቀቱ ይቃጠላል። ከሚገባው ውኃ ካልሲየሙና ማግኒዥየሙ ቢወገድ ኖሮ መሣሪያው ይድን ነበር። ቀኖቹ በአንድ ገጽ ላይ ተከታትለው ቢሰፍሩ ደግሞ አንድ ሰው «ይህ ዕቃ ለምን ቶሎ ቶሎ ይቃጠላል?» ማለቱ አይቀርም። ያ ሁሉ ሰው ሥራውን በትክክል ሠርቶ አንድ ደህና መሣሪያ መጣሉ ዛሬም ያበሳጨኛል።

ስለዚህ የሠራችሁትን ብቻ ሳይሆን ያገኛችሁትን ጻፉ፦ «ማሞቂያው ደለል ለብሶ፣ ተሰንጥቆ ተገኘ»። የመለዋወጫውን ቁጥር ከማሸጊያው ላይ ገልብጡ እንጂ በዓይን አትገምቱ። እ.ኤ.አ. በ1990 የአንድ የብሪታንያ አውሮፕላን የፊት መስታወት በበረራ ላይ ተገንጥሎ የካፒቴኑ ግማሽ አካል ወደ ውጭ ተስቦ ነበር፤ በተአምር ተረፈ። መስታወቱን ከያዙት 90 ብሎኖች 84ቱ ከሚፈለገው የቀጠኑ ነበሩ። ባለሙያው የመረጣቸው ከአሮጌዎቹ ጋር በዓይን አስተያይቶ ነው፤ አሮጌዎቹም ቢሆኑ ትክክለኛዎቹ አልነበሩም።

ጄኔሬተር ላይ ደግሞ ከቀኑ ጋር የሰዓት ቆጣሪውን ንባብ ጻፉ። ብዙዎቹ የናፍጣ ጄኔሬተሮች ዘይት የሚቀየርላቸው በሠሩበት ሰዓት ልክ ነው፤ 250 ሰዓት የተለመደ ነው። መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ወቅት ያ በሁለት ሳምንት ሊሞላ ይችላል።

እዚህ ላይ ራሴን የሚቃረን ነገር ልናገር። ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጡት አንድ አዛውንት ባለሙያ ነበሩ፤ አንዲት መስመር ጽፈው አያውቁም። የሴንትሪፉጅን (ደምን በፍጥነት አሽከርክሮ የሚለይ መሣሪያ) ድምፅ ከበር ላይ ሰምተው «ካርቦኑ አልቋል» ይላሉ፤ ካርቦን በሞተሩ ውስጥ ለሚሽከረከረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብል፣ እየተፋቀ የሚያልቅ ዕቃ ነው፤ ሲፈታ አልቆ ይገኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ስልክ እየደወልን እናስቸግራቸው ነበር። እንዲያ ያለ ሰው መዝገብ ላያስፈልገው ይችላል። እኛ ግን ስልካቸው የማይነሳበት ቀን መጣብን።

የዛሬ ልጆች ከእኛ ፈጣኖች ናችሁ፤ ሁሉንም በስልካችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ፎቶው ከመሣሪያው ጋር አይቀርም፤ ሥራ ስትቀይሩ አብሯችሁ ይሄዳል። በዚያ ላይ ከሠርግና ከልደት ፎቶ መካከል የፓምፕ ቫልቭ ፈልጎ የሚያገኝ ማን ነው? ከመሣሪያው ጎን የተንጠለጠለ ደብተር ይሻላል።

ዐሥር ገጽ ቅጽ የሚያስሞሉ አለቆችንም ግን አልደግፍም። ቅጽ ሲረዝም ሰው ሳያይ ምልክት ማድረግ ይጀምራል። ለወራት መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበት የከረመ መሣሪያ በየሳምንቱ «ተፈትሿል፣ በደህና ይሠራል» ተብሎ ሲፈረምለት አይቻለሁ።